ማጋሊ በአርባ አንድ ዓመቷ

በአሮጌው ኪቶ፣ ቤቱ ያለው የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ጣቱ የተሰበረበት ሰው የሚሄደው ወደ ዶኛ ኦቲሊያ ሲምባኛ ነበር። ሰዉ ሕፃኑን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ልጅ ደረቱ ላይ ታቅፎ ይመጣል። አንዱ የእንጨት ነው፣ ሌላው የጄሶ፤ ሁሉም ከአያት የተወረሰ ነው። «ጎረቤቴ፣ ድመቷ ጣለችብኝ» ትላለች አንዷ እያፈረች። ዶኛ ኦቲሊያ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ሳብ አድርገው ሕፃኑን ያገላብጡና «ድመቷ ናት ወይስ ባልሽ?» ይሏታል። ሴትየዋ ትስቃለች። ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ስብራቱ የት ጋ እንደነበር ራሷም ፈልጋ አታገኘውም።

እኔ ሊሳርዶ እባላለሁ። ባርኔጣ ሠሪ ነኝ፤ አባቴም ባርኔጣ ሠሪ ነበር። ሱቄ ከሳቸው ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳ ስል ቀለም የተቀባ ጣውላ ማለቴ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ ከዚህ ሆኜ «ይማርዎ» እላለሁ፤ እኔ ባርኔጣ በእንፋሎት ሳለሰልስ እሳቸው ከዚያ ሆነው «ሊሳርዶ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ጭንቅላት ነው የምትቀቅለው?» ይሉኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠሩኝ «አንተ» እያሉ ነው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ «አንተ» የምትለኝ ሌላ ሴት መንገዳችን ላይ አልነበረችም።

ከወረርሽኙ በኋላ ሳንታ ሉሲያ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች ብዙዎቹ ተዘግተው ቀሩ። የተረፍነው ጥቂት ነን፦ እኔ፣ ዶኛ ኦቲሊያ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቪኒሲዮ፣ ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡት ዶኛ ክሌሜንሲያ፣ ሌሎችም አምስት ስድስት። ያኔ ነው ያሃይራ የመጣችው። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ እናቷ ጥግ ላይ ትኩስ የበቆሎ አጥሚት ስትሸጥ ያሃይራ ከሥር ተቀምጣ በከሰል አስፋልቱን ስትሞነጫጭር ነው ያደገችው። አሁን የሥዕል ትምህርት ቤት ጨርሳለች። ከጓደኞቿ ጋር ሆና አሳማ ጠብሰው ሸጡ፣ ሎተሪ አወጡ፣ ቀለም ገዙ። ከዚያ እየዞረች አነጋገረችን።

«ሱቃችሁን ስትዘጉ መንገዱ ላይ ዝገት ብቻ ነው የሚታየው» አለች። «ወደ ላይ በሚጠቀለለው በየብረት በሩ ላይ የባለቤቱን ነገር እስላለሁ። መጀመሪያ ግን ቁጭ ብላችሁ ታወሩኛላችሁ። ያላወራኝን ሰው አልስልም።»

ቪኒሲዮ ወዲያው ተነሳ። «እኔን ሳይኝ። ከነፀጉሬ ነው ታዲያ!»

«የቱ ፀጉርህ?» አሉ ዶኛ ክሌሜንሲያ።

«የድሮው ነዋ! ታሪክ አይደል የምትስለው?»

ዶኛ ኦቲሊያ ግን ያሃይራን አስቸገሯት። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣች ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ እሳቸው ስለ ሙጫ ያወሯታል። የመስታወት ዓይን እንዴት እንደሚገባ፣ የሕፃን ጉንጭ ሲቀባ ቀዩ ቀለም በብሩሽ ሳይሆን በአውራ ጣት እየታሸ እንደሚዋሃድ ያወሯታል።

«ስለራስዎ እኮ ነው የጠየቅሁዎት» ትላለች ያሃይራ።

«ታዲያ ስለ ማን ነው የማወራሽ?»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ያሃይራ ደብተሯን አጥፋ ልትነሳ ስትል፣ ዶኛ ኦቲሊያ ከመሳቢያ አንድ ፎቶ አወጡ። እኔ በጣውላው ውስጥ ነው የሰማሁት። የሰው ጉዳይ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ጣውላው ግን ነውር አያውቅም።

«ልጄን ትስዪልኛለሽ?»

ያሃይራ ልጅ እንደነበራቸው አታውቅም ነበር። «ስንት ዓመቷ ነው እዚህ ላይ?»

«ስድስት። ትምህርት ቤት የገባች ቀን ነው።»

«እስላታለሁ፣ ዶኛ ኦቲሊያ። ይቺኑ ራሷን አድርጌ እስላታለሁ።»

«አይ። እንዲህ አይደለም የምፈልገው።» ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነበር፣ ስለ ሙጫ ሲያወሩ የሚናገሩበት ድምፅ። «አሁን ያላትን ዕድሜ። አርባ አንድ ዓመቷ ነው።»

ስለ ማጋሊ የማውቀውን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ።

የሞተችው ገና ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ያ ሰሞን ለዶኛ ኦቲሊያ የዓመቱ ሥራ ሁሉ የሚመጣበት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሕፃኑን ለበዓሉ አስጠግኖ፣ አዲስ ልብስ አልብሶ ማስባረክ ይፈልጋል። አዲስ ጄሶ የተቀቡትን ሰገነት ላይ አውጥተው ነበር የሚያደርቋቸው። ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ከአባቴ ጋር እሠራ ነበር። የዶኛ ኦቲሊያ ድምፅ በጣውላው አልፎ መጣ። «ማጋሊ! እስኪ ውጪና ሕፃናቱን ገልብጫቸው፣ በጀርባቸውም ይድረቁ!» ከዚያ ትንንሽ እርምጃዎች ደረጃውን ሲወጡ ሰማሁ። ሰገነቱ ዳር ዳሩን መከታ አልነበረውም። የታችኛው ግቢ ድንጋይ ነው። ሌላውን አልናገርም።

ባላቸው ዶን ሴጉንዶ ቲፓን የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። በሰው ተጠርተው ሲመጡ፣ ዶኛ ኦቲሊያ «ራሷ ናት የወጣችው፤ አትውጪ ብያት ነበር» አሏቸው። ለቄሱም፣ ለፖሊሱም፣ ለሐዘንተኛውም ያንኑ አሉ። «እምቢተኛ ነበረች፤ አትሰማም ነበር» ይሉ ነበር እያለቀሱ።

በቀብሯ ማግስት ዶን ሴጉንዶ ወደኛ ሱቅ ገቡ። አባቴ አልነበረም። «ሊሳርዶ፣ አንተ እዚህ ነበርክ። የሰማኸው ነገር አለ?» አሉኝ። ዓይናቸው አብጦ ነበር። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲጠይቀኝ መዋሸት አልሆነልኝም። እናቷ እንደላከቻት ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሻንጣቸውን ይዘው ከቤቱ ሄዱ፤ ደቡብ ሰፈር፣ ሶላንዳ፣ ሌላ ሚስት እንዳገቡ ሰማን። ምን ብለው እንደሄዱ ማንም አያውቅም። እኔም የነገርኳቸውን ለዶኛ ኦቲሊያ ሳልነግራቸው፣ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» እያልኳቸው ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ።

ያሃይራ የዶኛ ኦቲሊያን ፊት ስትስል ሰነበተች። ከፊት፣ ከጎን፣ ሲስቁ፣ ሲቆጡ። በመጨረሻ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ግማሽ ፊት ነው ያለኝ። የአባቷ ፎቶ የለዎትም?»

«በመቀስ ቆርጬዋለሁ።»

«ሌላ ዘመድ ጋ አይኖርም?»

ዶኛ ኦቲሊያ ጣውላውን ሁለቴ አንኳኩ። «ሊሳርዶ! እሑድ ሥራ አለህ?»

እሑድ ሦስታችን በአውቶቡስ ሶላንዳ ሄድን። እኔ መንገዱን ሙሉ የእጄን ባርኔጣ ሳሽከረክር ዶኛ ኦቲሊያ «ምን ሆነሃል? አንተ ነህ እንዴ የቀድሞ ባልህን ልታይ የምትሄደው?» አሉኝና ያሃይራን አሳቋት። በር የከፈተችልን የዶን ሴጉንዶ ሚስት ናት። ማን እንደሆንን ስትሰማ ሽርጧን ፈትታ፣ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጣን፣ ጠራቻቸው። ዶን ሴጉንዶ በነጠላ ጫማ መጡ። ትልቅ ሰው ነበሩ ድሮ፤ አሁን ሹራባቸው ሰፍቷቸው ነበር።

ዶኛ ኦቲሊያ ሰላምታም አልሰጡ። «ሴጉንዶ፣ ፊትህን ልዋስ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ምን?»

ያሃይራ አስረዳቻቸው። ዶን ሴጉንዶ እስክትጨርስ ሰሟትና በእጃቸው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «ይሄ ፊት ምን ቀረው ብላችሁ ነው?»

ሚስታቸው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና «ሂድ እንጂ፣ ሴጉንዶ» አለች። «ልጅህ አይደለች?»

ዶን ሴጉንዶ ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ዶኛ ኦቲሊያ ሱቅ መጡ። ዱካው ላይ ተቀመጡ፤ ዶኛ ኦቲሊያ ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ ይሠራሉ፤ ያሃይራ ትስላለች። እኔ ከጣውላው ወዲህ ነኝ።

በመጀመሪያው ቀን የተሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። አንዴ ያሃይራ «ዶን ሴጉንዶ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» ስትል፣ «ምን ተገኘና?» አሏት።

በሁለተኛው ቀን መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ እኔም ደስ አለኝ።

«ፀጉሯ ጥቅልል ነበር» አሉ ዶን ሴጉንዶ።

«አልነበረም። አንተ እርጥብ ሆኖ ስታየው ነው። እኔ ነኝ ሳበጥራት የኖርኩት።»

«ግራኝ መሆኗንስ? እሱንም ልትክጂኝ ነው?»

የዶኛ ኦቲሊያ ብሩሽ ቆመ።

«ማንኪያ በግራ እጇ ነበር የምትይዘው» አሉ ዶን ሴጉንዶ ቀስ ብለው። «መምህሯ እጇን እየመታች ስታስቸግራት እኔ ነኝ ሄጄ የተጣላሁት። አታስታውሺም?»

«ረስቼዋለሁ» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ። «እንዴት ረሳሁት፣ ሴጉንዶ?»

በሦስተኛው ቀን ያሃይራ የቀራት አገጫቸው ብቻ ነበር። ዶን ሴጉንዶ በክፍቱ በር በኩል ወደ መንገዱ ዞረው ተቀምጠዋል። እኔ የአንድ የገበሬ ባርኔጣ ጠርዝ እንፋሎት ላይ ይዤ እያለሰለስኩ ነበር።

«ሴጉንዶ።»

«እ።»

«እኔ ነኝ የላክኋት።»

ሰውየው አልተንቀሳቀሱም መሰለኝ፤ ዱካው እንኳ አልተሰማም።

«ራሷ ናት የወጣችው ያልኩህ ውሸቴን ነው። አልከለከልኳትም። ሰው በዝቶብኝ ነበር፤ ውጪና ገልብጫቸው አልኳት። እሷም እሺ አለች። እሺ ነው ያለችኝ፣ ሴጉንዶ። እምቢተኛ አልነበረችም።»

«አውቃለሁ» አሉ ዶን ሴጉንዶ።

«ምኑን?»

«በቀብሯ ማግስት ነው ያወቅሁት። ሊሳርዶ ነግሮኛል።»

እንፋሎቱ ጣቴን አቃጠለኝ፤ እጄን ግን አላነሳሁም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ፣ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እንድትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር። ማታ ከሥራ ስገባ፣ ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ። አንቺ ሾርባ ታቀርቢልኛለሽ። በማግስቱም ሾርባ ታቀርቢልኛለሽ። ከዚያ ሰው ሲመጣ ‹እምቢተኛ ነበረች› ትያለሽ። ልጄ ሞታ፣ ደግሞ ስሟ ሲጠፋ እሰማለሁ። ዓመት ጠበቅሁሽ፣ ኦቲሊያ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።»

«ብነግርህ ምን ታደርገኝ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ልመታሽ እችል ነበር። አብረን ልናለቅስ እንችል ነበር። አሁን ምን አውቃለሁ።»

ያሃይራ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ዶን ሴጉንዶ ይህን ብለው ፊታቸውን መልሰው ወደ በሩ አዞሩና «ጨርሺ፣ ልጄ» አሏት። እሷም አገጩን ጨረሰች። ሥዕሉን ያዩ ሰዎች አገጩ ላይ መስመሩ ትንሽ እንደሚንሸራተት ይናገራሉ፤ ያሃይራ ግን በሩ ላይ ስትስለውም አላስተካከለችውም።

በማግስቱ ጠዋት ዶኛ ኦቲሊያ ደጄ ላይ ቆሙ። አልገቡም።

«አንተ ነህ የነገርከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሃያ።»

ብዙ አዩኝ። ቁጣ አልነበረም በፊታቸው። አንድ የማያውቁትን ዕቃ፣ ከምን እንደተሠራ ለመለየት እንደሚያዩ ነው ያዩኝ። «የተናገርከው እውነት ነው» አሉ። «ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም።» ሊሄዱ ዞሩና ጨመሩ፦ «ጥሩ ቀን ይሁንልዎ፣ ዶን ሊሳርዶ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን «አንተ» ማለት ተዉ። ሰላምታ ሰጡኝ፣ ጨው አዋሱኝ፣ ስታመም ቅጠል አፍልተው ላኩልኝ። ሁሉንም ግን «ዶን» እና «እርስዎ» እያሉ ነው። ቪኒሲዮ «ምን ጉድ ነው? ሚኒስትር ሆንክ እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ።

ያሃይራ በሩን ለመሳል ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ሥዕሎቹ የተመረቁት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሁላችንም ሱቃችንን በተራ ዘጋን፤ በሩ ወደታች እየተንኳኳ ሲወርድ ሰዉ ያጨበጭባል። የቪኒሲዮ በር ሲወርድ ከአናቱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ፀጉር ያለው ጎረምሳ ብቅ አለና መንገዱ በሳቅ ተናጋ። «ይሄማ ስድብ ነው!» አለ ቪኒሲዮ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት። የኔ በር ላይ የአባቴ እጆች ነበሩ።

በመጨረሻ የዶኛ ኦቲሊያ በር ወረደ። መንገዱ መሃል ወንበር ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ከትከሻዋ ላይ ቦርሳ ወርዶ በግራ እጇ ይዛዋለች። የእናትዋ ግንባር አላት፣ የአባቷ አገጭ። ፀጉሯ ጥቅልልም ቀጥም አይደለም፤ ዝናብ ያገኘው ይመስላል። ከሥራ የወጣች፣ አውቶቡስ የምትጠብቅ ሴት ናት። የሚስቅ ሰው ጠፋ። ዶኛ ክሌሜንሲያ አማተቡ።

ዶኛ ኦቲሊያ ብዙ ካዩ በኋላ ያሃይራን በእጃቸው ጠሯት።

«ለምንድን ነው የደከማት?»

ያሃይራ ተንበርክካ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አርባ አንድ ዓመቷ እኮ ነው፣ ዶኛ ኦቲሊያ። ስትሠራ የዋለች ሴት ናት።»

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

ልጅቷ አላሰበችበትም ነበር። አፏን ከፍታ ወደኔ አየች።

«አስተማሪ ናት» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ ራሳቸው። «ልጆቹን አትመታም።»

ዶን ሴጉንዶ መጥተው ነበር፤ ከማዶ፣ ከግድግዳው ጥግ ቆመው። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። «ጆሮዋ የእናቴ ነው» አሉኝ። «ለልጅቷ ግን አልነገርኳትም። ከየት አመጣችው?» መልስ ሳይጠብቁ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረዱ።

ያሃይራም ሆነ ማናችንም ያላሰብነው ነገር የመጣው ሰኞ ነው። ሱቅ ሲከፈት በሩ ይጠቀለላል፤ ሥዕሉም አብሮ ይጠቀለላል። እኛ ግድ አልሰጠንም። ዶኛ ኦቲሊያ ግን ቁልፉን ከፍተው፣ ጎንበስ ብለው እጀታውን ያዙና ቀሩ። ሄጄ ላግዛቸው ስል ቀና አሉ። «ይተዉት፣ ዶን ሊሳርዶ። በጓሮ እገባለሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ በሩ አልተነሳም። በግቢው ዞረው በኋላ በር ይገባሉ፣ በአምፖል ብርሃን ይሠራሉ። ሕፃኗን ታቅፋ ከሩቅ የመጣች ሴት የተዘጋ በር ታይና ትመለሳለች። እኔ ሮጬ «አሉ፣ ውስጥ ናቸው፣ በጓሮ ግቢ» እላለሁ፤ ሁሉን ሰው ግን ማግኘት አልችልም። ያሃይራ ስታለቅስ መጣች። ግድግዳው ላይ እንደገና ልሳላት፣ በሩ ነፃ ይሁን አለቻቸው። «አትነኪያት» አሏት ዶኛ ኦቲሊያ። «እዚያ ጋ ደህና ቆማለች።»

ቪኒሲዮ ደግሞ በራሱ መንገድ ሞከረ። «ዶኛ ኦቲሊያ፣ እኔን ይዩኝ እስኪ! በየጠዋቱ እጠቀለላለሁ፣ በየማታው እዘረጋለሁ። ይኸው አልሞትኩም!»

ከልባቸው ሳቁ። «አንተማ ድሮም ጥቅል ነህ» አሉት። በሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ።

የገና ሰሞን እንደ ወትሮው ሰው አልተሰለፈም። ሱቁ ውስጥ አየር ስለማይገባ ጄሶው አይደርቅም፤ እርጥበቱ ጣውላውን አልፎ እኔ ዘንድ ይሸተኝ ነበር። ማሳል ጀመሩ። ሳሉን እየሰማሁ «ይማርዎ» እላለሁ፤ «አመሰግናለሁ፣ ዶን ሊሳርዶ» ይላሉ።

በየካቲት የእህታቸው ልጅ ከላታኩንጋ ከተማ መጥታ ወሰደቻቸው። ሻንጣው መኪና ላይ ሲጫን እሳቸው በሩ ፊት ቆመው ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ለሥዕሉ፣ ሰው ለልጁ እንደሚናገረው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ዝናቡ ሳይመጣ ግቢ» አሉና መኪናው ውስጥ ገቡ።

በነሐሴ ሞቱ። እኔ፣ ያሃይራና ቪኒሲዮ በአውቶቡስ ሄድን። ቪኒሲዮ መንገዱን ሁሉ አንድ ቀልድ አልወጣውም። ዶን ሴጉንዶም ከሚስታቸው ጋር መጥተው ነበር፤ ሬሳ ሳጥኑን ከፊት በኩል እኔና እሳቸው ያዝን። ዶኛ ኦቲሊያ አፈር ከለበሱ በኋላ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ዶን ሴጉንዶ አጠገቤ ቆዩ። ባርኔጣቸውን አራግፈው ደፉ። እኔ የሠራሁት ባርኔጣ አልነበረም።

«ሊሳርዶ፣ ያን ጊዜ ባትነግረኝ ኖሮ አምናት ነበር» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም አነጋገራቸው። እንዲሁ የኖሩበትን ነገር ነው የተናገሩት።

በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ጥያቄ ፊት ሌላ ምን እል እንደነበር አስቤ አስቤ ትቼዋለሁ። ማታ ማታ ሱቄን ስዘጋ ግን፣ ከጎኔ ያለውን በር ሳላይ ለማለፍ የምሞክርባቸው ቀኖች አሉ።

አከራዩ ሱቁን ለስልክ ሽፋን ሻጭ ሰጠው። ትሁት ወጣት ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ይጠቀልላል፣ ማታ ይዘረጋል፤ ሥዕሉን «ላጥፋው?» ብሎ ጠይቆን ሁላችንም ስንጮህበት ደንግጦ ተወው። ሱቁን ስናስረክብ መደርደሪያው ላይ ባለቤቶቻቸው ያልመጡላቸው ሕፃናት ተገኙ። አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ ስም የተጻፈበት ወረቀት ታስሮ ነበር፤ እኔና ያሃይራ በየሰፈሩ እየዞርን መለስናቸው። ወረቀት የሌላቸው አራቱ እኔ ጋ ቀሩ። ከባርኔጣዎቹ መሃል ተጋድመዋል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ገብታ አንዱን አወቀችው። የእናቷ ነበር። አንስታ ሳመችው፤ ከዚያ ግራ ዓይኑ ጎድጓዳ መሆኑን አየች።

«ይሄን ማን ይሠራልኛል፣ ጎረቤቴ?» አለችኝ።

እንደማላውቅ ነገርኳት። በሻርፗ ጠቅልላው ወጣች።